የተቃጠለ አየር የሚመገበው ጎመን

ከወሎ ሰፈር የተነሣሁት ማለዳ ነበር። የጉዞዬ ምክንያት ልጄ ሰናይት ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ለምታካሂደው የዕፅዋት ሳይንስ ጥናት፣ የካ አባዶ ዳር ከሚኖሩ አንድ ገበሬ ጓሮ ጎመን ተክላለች። ባለቦታው ግን ለቀጣዩ ዙር መሬቱን እንደማይሰጧት መልእክት ልከውባታል። ያለ ሁለተኛ ዙር ጥናቷ ተቀባይነት የለውም፤ እዚያ ትጠብቀኛለች፣ አብረን ልንለምናቸው ነው።

ላምበረት

መንገዱ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ቁፋሮ ነው። በግራም በቀኝም ፎቆች የባሕር ዛፍ መወጣጫ ለብሰው ቆመዋል። ከተማዬ እንዲህ ስትረዝም አቧራዋን እታገሣለሁ።

ላምበረት ላይ ተራ አስከባሪው «አባዶ፣ የሞላ!» ይላል። ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ ግን ሦስት መቀመጫ ባዶ ነው።

«አልሞላም እኮ» አልሁት።

«ፋዘር፣ እርስዎ ቁጭ ካሉ ሞላ ማለት ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ተቀመጥሁ።

የካ አባዶ

ኮንዶሚኒየሞቹ ሲያልቁ የባለቦታው የጋሽ ቶሎሳ ጓሮ ይጀምራል፤ ከሰፊው እርሻቸው የተረፈው ይኸው ነው። ሰናይት ጎመኑን ላያቸው ክፍት በሆኑ የፕላስቲክ አጥሮች ከልላ፣ ለግማሾቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሊንደር ትለቅላቸዋለች። ወደፊት ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ ሲበዛ ቅጠል ምን እንደሚሆን ማወቅ ትፈልጋለች። ጠቡን ያመጣው ቃሉ ነው። ጋዙን በትምህርት ቤት «የተቃጠለ አየር» እንለዋለን፤ እርሷም ለጎረቤት ሁሉ እንዲያው ብላ አስረድታ ነበር።

«ልጄ፣ አልጠላሁሽም» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ግን የተቃጠለ አየር ካልሽ ወዲህ ሰው በደጄ ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል። ጎመን የሚገዛኝም ጠፋ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ ጨመሩበት፦ «‹የቶሎሳ ጎመን ከማሳው ሳይወጣ ተቀቅሏል› እያሉ ይስቁብናል።»

ሰናይት የለስላሳ ጠርሙስ ከፈተች። «ይህ የሚፈላው ያው ጋዝ ነው፤ ከትንፋሻችንም ይወጣል። ቅጠል በብርሃን ኃይል ከውሃ ጋር አዋህዶ ስኳር ይሠራበታል።»

«ሲበዛለት ይሰባላ?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

«መጀመሪያ ፈጥኖ ያድጋል። የቅጠሉ ቀዳዳዎች ስለሚጠቡም ውሃ ይቆጥባል። ሲቆይ ግን ስኳሩ እየተጠራቀመ ሥራውን ያቀዘቅዝበታል።»

«ጤፍስ?»

«ጤፍ ጋዙን በቅጠሉ ውስጥ የሚያከማችበት የራሱ ዘዴ አለው። ብዙም ለውጥ አያመጣለትም።»

«ጤፍ ድሮም ኩሩ ነው» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። ወዲያው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ጠየቁ፦ «እንግዲህ ያ አጥር ውስጥ ያለው ጎመን ግዙፍ ሆኖ ጉልበት የለውም?»

ማለሳለስ ትችል ነበር። እኔ ራሴ እንድታለሳልስ ተመኘሁ።

«ፕሮቲኑ ቀንሶ አግኝቼዋለሁ» አለች። «ግን በአንድ ዙር ብቻ እርግጠኛ ነኝ ብል እዋሻለሁ። ሁለተኛውን የለመንሁዎት ለዚህ ነው። ከአጥሩ ውጪ ያለው ጎመንዎ እንደ ድሮው ነው።»

ወይዘሮ ጫልቱ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ልታታልለን ብትፈልግ መጥፎውን ትነግረን ነበር?»

ጋሽ ቶሎሳ ለሰናይት መለሱላት። «ዝሪው። ለጎረቤት የማስረዳው ግን እኔ ነኝ። የለስላሳ አየር ነው እላለሁ።»

መልስ

ከአጥሩ ውጪ ከበቀለው አንድ እስር ጎመን ተሰጥቶኝ ተመለስሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የተማረ ሰው የሚከበረው በሚያውቀው ነው ስል ኖሬያለሁ፤ ልጄ ግን መሬቱን ያገኘችው ገና ያላወቀችውን በግልጽ በመናገሯ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ጎመኑን አይተው «ከየት ገዙት?» አሉኝ።

«ከልጄ ማሳ ነው» አልኋቸው።

በትክክል ከተባለ ማሳው የጋሽ ቶሎሳ ነው። አላረምሁትም።