ከእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ የፋቅነው ሲሚንቶ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም። ከተማችን ባለፉት ዓመታት ካጣችው ጋር ሲተያይ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ምንድን ነው? ይህንኑ ለአባቴ ስነግረው የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ ነበር። ቀና ሳይል "ትልቁን ነገር ትልልቆቹ ይጻፉት፤ አንቺ ያየሽውን ጻፊ" አለኝ። ስለዚህ ያየሁትን እጽፋለሁ። ያጠፋሁትንም አልተውም፤ ያለ እሱ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

ቤቱ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በታች፣ እኛ ሰፈር ውስጥ ነው። ከታች ሁለት ክፍል፣ ከላይ አንድ ክፍል አለው፤ ወደ ላይ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ በውጭ በኩል ነው። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ጣሪያው ላይ እንጨት ተረብርቦ አፈር ተደልድሎበታል። መቼ እንደተሠራ በትክክል የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የመጨረሻዋ ባለቤት ወራሽ ስላልነበራቸው ለሰፈሩ እድር ተናዝዘውለት አለፉ። የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት የሚቀመጠው እዚያ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ውጭ ድንኳን መትከል በማይታሰብበት ወቅት ለቅሶ የተቀመጥነው በታችኛው ክፍል ውስጥ ነበር። ለአጎቴ ያለቀስነው እዚያ ነው። በሰፈራችን በዚያ ክፍል ፍራሽ ላይ ያልተቀመጠ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ደብዳቤ ተለጥፎ አገኘን። ቤቱ አርጅቷል፣ ለአላፊ አግዳሚ ያሰጋል፣ ስለዚህ ይፈርሳል ይላል። ቅርስ ነው የሚል ካለ ማመልከት ይችላል፤ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል።

የእድሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም አደይ ነው የምንላቸው፣ እናቴ እንደማለት። ደብዳቤውን ሳይቀድዱት ቀስ ብለው ነቀሉት፣ አጠፉት፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"ያሰጋል ነው የሚለው?" አሉ። "እኔን እስካሁን ያሰጋኝ ይኸው ደብዳቤ ብቻ ነው።"

በዚያው ዕለት አባቴ ማመልከቻ አረቀቀ፣ ኮሚቴም ተቋቋመ። ጸሐፊ እኔ ሆንኩ። ምክንያቱ ዩኒቨርሲቲ መግባቴ ብቻ ነበር። ዓዲ ሓቂ ካምፓስ አንደኛ ዓመት ነኝ፤ የትምህርት ክፍል እንኳ ገና አልመረጥኩም። ለሰፈሩ ሰው ግን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ኢንጂነር ነው።

ስብሰባው በትግርኛ ነበር፤ እኔ በአባቴ ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ እየመለስኩ እጽፈዋለሁ። "ባለሙያው ሲመጣ ምን እናሳየው?" የሚል ጥያቄ ተነሣ። እጄን አወጣሁ። "እናሳምረው" አልኩ። "ስንጥቁን በሲሚንቶ እንድፈነው፣ ከዚያ እንቀባው። እንደሚጠበቅና እንደሚወደድ ያያል።" እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይታጠባል፤ ለፋሲካም ግድግዳ ይቀባል። ስለዚህ ሐሳቤ ለሁሉም ትክክል መሰለ። አንዲት እናት አገጬን ይዘው መረቁኝ። ያን ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሊያስቆሙን ይችሉ የነበሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የሰፈሩ አሮጌ ግንበኛ፣ አቦይ፣ አባቴ እንደማለት፣ የምንላቸው። እሳቸው ደግሞ ለጉልበታቸው ጸበል ሄደው ነበር።

በሁለት ቅዳሜ ጨረስነው። መገጣጠሚያውን ሁሉ በሲሚንቶ ሞላን፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ለሰንነው፣ ከዚያ ክሬም ፕላስቲክ ቀለም ቀባነው። አንዱ ጎረቤት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየና "ባንክ መሰለ" አለ። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ባለሙያው የመጣው የዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነው። ወጣት ነው፣ ትሑት። ሁሉንም ጨብጦ ሰላም ካለ በኋላ ቤቱን ዞረው። ተመልሶ መጥቶ ግድግዳውን በጣቱ ነካ።

"አሮጌው ቤት የታለ?" አለ።

"ፊትህ ያለው ነዋ፣ ወደይ" አሉ አደይ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"ይሄ መቼ ተሠራ?"

"እናቴ ሳትወለድ።"

"ልስኑን ማለቴ ነው፣ አደይ።"

ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "ባለፈው ሳምንት" አልኩ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው" አለ። "ያየሁት አዲስ ሲሚንቶና ቀለም ነው። ከፋሲካ በኋላ ከቡድኑ ጋር እመለሳለሁ። ያኔም እንዲህ ከሆነ ቅርስ ነው ብዬ መፈረም አልችልም።"

ከሄደ በኋላ ያው ባንክ መሰለ ያለው ጎረቤት "ምን ይደረግ፣ ቢያንስ አምሮበት ይፈርሳል" አለ። የሳቁ ነበሩ። አደይ አልሳቁም። "የሸፈንነው እኛ ነን፤ የምንገልጠውም እኛ ነን" ብለው በሩን ቆለፉ።

አቦይ ከጸበል የተመለሱት በማግስቱ ነው። በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ፣ አዩት፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"ማን ነው ይህን ያሰበው?"

"እኔ ነኝ፣ አቦይ።"

"ዩኒቨርሲቲ ይህን አስተማሩሽ?"

"አይ፣ አቦይ። ከራሴ ነው።"

"እሱስ ይሻላል" አሉ። ከዚያ አስረዱኝ። ድንጋይና ጭቃ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሰው ይተፉታል። ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋል። ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይሟሟል፣ ግድግዳው ከውጭ አምሮ ከውስጥ ይበሰብሳል። ለባለሙያው ብዬ ያደረግሁት ነገር ያለ ማፍረሻ ማሽን ቤቱን ሊያፈርሰው ነበር ማለት ነው። አለቀስኩ። አቦይ እስክጨርስ ጠብቀው ትንሽ መሮና መዶሻ ሰጡኝ። "ከጀመርሽበት ጀምሪ" አሉ።

ጾሙን በሙሉ ፋቅን። ቀለሙ በሙቅ ውሃና በሽቦ ብሩሽ ለቀቀ፤ ሲሚንቶው ግን እልኸኛ ነበር። አቦይ ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚያሠሩን ደረጃው ላይ ተቀምጠው በጆሯቸው ነበር። መሮው ሲሚንቶ ሲመታ ድምፁ ደረቅ ነው፤ ድንጋይ ሲነካ ይጮኻል። "ማነሽ፣ በስተቀኝ ያለሽው፣ ድንጋዬን ነካሽው" ይሉ ነበር ጀርባቸውን እንደሰጡን። የባጃጅ ሹፌሮች በዚያ ባለፉ ቁጥር ፍጥነት ይቀንሳሉ። "ኢንጂነር፣ ቀጥሎ ምን ቀለም ነው?" ይለኛል አንዱ። መጀመሪያ አንገቴን እደፋ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት "ና ውረድና ፋቅ፣ እነግርሃለሁ" አልኩት። እውነትም ባጃጁን አቁሞ ወረደ፤ ግማሽ ቀን ሠራ።

ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ወጣቱ ባለሙያ ድንጋዩን አይቶ ፈገግ አለ። አለቃው ፋይል የያዙ ጎልማሳ ነበሩ። የፊት ለፊቱን ግድግዳ ተመለከቱ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ" አሉ። "እዚህ ጥሩ ፎቅ ቢቆም፣ ከሥሩ ካፌ ቢከፈት አትወጂም?"

እኔ ጠያቂው መስማት የሚፈልገውን የምመልስ ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ እንኳ ያልገባኝን ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ አልፋለሁ። ያን ቀን ግን መዳፌ በመሮ ቆስሎ ነበር።

"አልወድም" አልኩ።

"ለምን?"

"ካፌ ውስጥ ለቅሶ አይቀመጡም።" "ሲሚንቶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን በእኔ ስም ጻፉት፤ በቤቱ ላይ አትጻፉት።"

አደይ ከኋላዬ መጡ። "ማሽኑን የምትልኩ ከሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሩን" አሉ። "ፍራሹን አንጥፈን ውስጥ እንጠብቃችኋለን።"

"ይሄ ማስፈራራት ነው?"

"መጋበዝ ነው፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። ለቅሶ ቤት ለመጣ ሁሉ ቦታ አለን።"

ሰውየው ፋይላቸውን ዘጉ።

ደብዳቤው በግንቦት መጣ። ቤቱ ለጊዜው አይፈርስም፤ የምዝገባው ጉዳይ ወደፊት ይታያል፤ እድሩ ይጠብቀው ይላል። አባቴ ሁለት ጊዜ አነበበውና "'ለጊዜው' የሚል ቃል አለበት" አለ።

"እኛም የምንኖረው ለጊዜው ነው" አሉ አደይ። "ይበቃናል።"

ብዙዎች ነገሩ አለቀ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ነገር ግን በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ገና በሲሚንቶ ተሞልቶ ነበር። ከጎረቤት አጥር ጋር ስለሚተያይ ከመንገድ አይታይም፤ ቡድኑም አላየውም። የሚጠይቀን አልነበረም። እኔም ፈተና ደርሶብኝ ስለነበር "ለመስከረም እናቆየው?" ብዬ አቦይን ጠየቅኋቸው።

"የክረምቱ ዝናብ ከየት በኩል ነው የሚመታው?" አሉኝ።

ከሰሜን በኩል ነበር። ደብተሬን ይዤ መምጣት ጀመርኩ፤ አንድ ሰዓት እፍቃለሁ፣ አንድ ሰዓት አጠናለሁ። አደይ በዚያ ሰሞን አንድ ቀንም አልቀሩም። የባጃጁ ሹፌር ጭድ ያመጣልን ነበር፤ ከጭቃው ጋር አቡክተን ቀናት አሳደርነው። አጥር ለአጥር ያሉት ጎረቤት "የደብዳቤው ነገር አልቆ የለ እንዴ፣ አሁን ለማን ብላችሁ ነው?" ሲሉን፣ አደይ ከመሰላሉ ላይ ሆነው "ለራሳችን" አሏቸው።

የመጨረሻዋ የሲሚንቶ ቁራጭ መዳፍ የምታህል ነበረች። እሷም ወደቀች። አቦይ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ እየዳበሱ ሄዱ፣ ከዚያ "ጭቃውን አቀብሉኝ" አሉ። መገጣጠሚያውን ሞልተን ስንጨርስ ደመናው ኮረብታው ላይ ደርሶ ነበር። ቀኑ ሰኔ 18 ነው።