የልክነሽ አረንጓዴ

የዘይት ቀለምና የማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ ነበር፤ ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ የሚነፍሰው የዓሣ ጠረንም ተቀላቅሎበታል። ያን ጊዜ ሀብተሚካኤል መረቡን ሸጦ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባውን የእንግዳ ማመላለሻ ሊያደርገው ተነሥቶ ነበር። ሚስቱ ልክነሽ ከቤታቸው በር የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም ይዛ ወረደችና ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጀልባው ውስጥ ገባች።

«ሣንቃው አልደረቀም እኮ፤ ነገ ይደርሳል» ቢላት፣ «አንተ ነገ ስትል ዝናቡ ይመጣል» ብላ ቀባችው።

እርጥቡ ሣንቃ ቀለሙን አልተቀበለውም። ሳይቆይ መቀመጫው ሁሉ እሳት እንደ ነካው ገላ ውኃ ቋጠረ። አዞ ሊያዩ የመጡ እንግዶች፣ አዞው ብቅ እስኪል ድረስ ያን እብጠት በጥፍራቸው ይፈነቅላሉ። ሀብተሚካኤል ሲነጫነጭ ልክነሽ፣ «ሥራ እንዳይፈቱ ብዬ ነው» ትለው ነበር። ከጨንቻ ደጋ ወርዶ ውኃ ላይ ያረጀው ይህ ሰው ያችን ቀልድ ያልነገረው ተሳፋሪ አልነበረም።

ልክነሽ ካረፈች ወዲህ ጀልባው ዳርቻ ላይ ተደፍቶ ከረመ። ሙት ዓመቷ ወጣ። ሀብተሚካኤል ጥቁር ልብሱን አወለቀ፤ ሲለብሰውም ሲያወልቀውም ምንም አልተሰማው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሰው ሲጠይቀው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። የጀልባ ማኅበሩም፣ «ውስጡን አድስና ወደ ተራህ ተመለስ» አለው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁ ፌቨን አንድ ቁራጭ ጣውላ ይዛ መጣች። ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ ዘርግታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ሦስት ቀለም ተቀብቶበታል፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ።

«ገና አልደረቀም፣ እንዳትነካው። የቱን ወደድኸው አባዬ?»

አየው። «ነጩ ጥሩ ነው። ለማጠብ ይመቻል።»

«ነጭ ፀሐዩን ያንጸባርቃል፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው አንተው ስትል አልነበር?»

«እንግዲያው ሰማያዊው።»

«ይሄኛውስ?» አለች አረንጓዴውን እያሳየችው። «ከጀልባው መቀመጫ ላይ ልጣጭ ፍቄ ወስጄለት ዲሪባ ነው የቀላቀለው። ‹ይሄ እኮ ከገበያ ከጠፋ ቆየ፣ ምነው ሌላ ብትወስጂ› እያለ ሲያለቅስብኝ ዋለ።»

«ቀለም ሻጩ? ድሮም ነጭናጫ ነው።»

«ቀለሙ የማን እንደሆነ አላወቅኸውም?»

«አወቅሁት።»

ፌቨን ጠበቀች። የምትፈልገው ገብቶታል፤ ይሄ ይሁን፣ የእናትሽ ይሁን እንዲላት ነው። ያችን ቃል ውስጡ ፈለጋት። ተኝተውበት የደነዘዘ ክንድ አልታዘዝ እንደሚለው ሆነበት። አረንጓዴው አረንጓዴ ነው፤ ልክነሽ ሞታለች፤ ሁለቱንም ያውቃል፣ አንዱም አይነካውም። ሊዋሽላትም አሰበ፤ ለውሸቱም ጉልበት አጣ።

«ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ያንቺ ምርጫ ይሁን ልጄ።»

«የእማዬ ለቅሶ ድንኳን የት ይተከል ሲሉህም እንዲሁ ነው ያልኸው» አለች ቀስ ብላ። «‹ሁሉም አንድ ነው።›»

እሱ እንደ ዘበት አውራ ጣቱን አረንጓዴው ላይ አሳረፈው። ቀለሙ ተከትሎት መጣ። ፌቨን ጣቱን አየች፤ ቀና ብላ ፊቱን አየች፤ እንደገና ጠበቀች።

ሀብተሚካኤል ጣቱን በጋዜጣው ጠረገ።

ፌቨን ጣውላውን በጠርዙ ይዛ ብድግ አለች፤ ደህና ዋል እንኳ ሳትለው ወጣች።