እዚህ ማን ነበር የሚቆመው?

«ፎቶው ላይ ሰው አይግባበት አልኩህ እኮ! ባዶውን አዳራሽ አንሳልኝ» አለ የአዳራሹ ባለቤት።

ቄራ ሰፈር ያለው አሮጌ የዱቄት ፋብሪካ የሠርግ አዳራሽ ለመሆን ሲታደስ ፎቶ የሚያነሱት አጎቴ ነበሩ። ሥራውን ሳይጨርሱ ሞቱ፤ ካሜራቸውን ይዤ እኔ ተተካሁ። አጎቴ በየጥጉ «እዚህ ማን ነበር የሚቆመው?» ብለው ይጠይቁና የድሮውን ሠራተኛ ቦታው ላይ ሳያቆሙ አያነሱም ነበር።

«አጎቴ ባዶ ቤት አያነሱም» አልኩት።

«ጋሼ ሞቱ፣ በቃ! አታድርቀኝ።»

የቀድሞ የወፍጮ ሠራተኛ ወደሆኑት ዘበኛ ዞርኩና የመስኮቱን ጥግ እያሳየሁ እንደ አጎቴ ጠየቅኳቸው።

«እዚያማ ማሽን ነበር። ከተነቀለ ወዲህ የቆሙበት አጎትህ ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ሆኜ ሳነሳ ብርሃኑ ይሻላል ይሉ ነበር» አሉኝ።

ጥጉን በካሜራው አየሁት። የማቆመው ሰው አልነበረኝም።

ሌንሱን ከድኜ ወጣሁ። ባለቤቱ በሩን ከኋላዬ ዘጋው።