ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ኮት

ልብስ ሰፊው አፉን ሞልቶ ተናግሮት የማያውቅ አንድ ነገር ቢኖር ይቅርታ ነው። ቀልድ ከንፈሩ ላይ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል፤ ዜማ እንደ ምንጭ ይፈልቅለታል። "አጥፍቻለሁ" የምትለዋ ቃል ግን ጉሮሮው ስትደርስ እንደ ዓሣ አጥንት ትሰነቀራለች። ሚስቱ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ነፍስህን ሊወስድ የመጣውን መልአክ እንኳ 'ቤት ተሳስተሃል' ሳትለው አትቀርም" ትለዋለች።

እሱና ልብስ ተኳሹ ጓደኛው በአንዲት ጠባብ ሱቅ አብረው ሸብተዋል። ልብስ ሰፊው በስፌት መኪናው ይገጥማል፤ ተኳሹ በከሰል ካውያው ስፌቱን ያስተኛል፤ ያለ ሁለቱ ኮት፣ ኮት አይሆንም። የሚሠሩትም በዜማ ነበር። አንዱ ስንኝ ሲወረውር ሌላው ቀልቦ ቤት ይመታለታል። የመኪናው ኳኳታ ከበሮ፣ የካውያው ትንፋሽ ዋሽንት ሆኖ፣ የሚሰፋ ልብስ የሌለው መንገደኛ ሳይቀር በሩ ላይ ቆም ይል ነበር።

ጠቡም የመጣው በዚያው በዜማ ነው። ተኳሹ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ዓይኑን ያሳረፈው ከመንገዱ ማዶ ሻይ በምትሸጠው ሴት ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን ብርጭቆ ልትሰበስብ ስትገባ ጠብቆ፣ ዓይኑን ካውያው ላይ ተክሎ፣

"ልብ እንደ ልብስ ቢሆን በእሳት የሚቃና፣"

ብሎ ጀመረ። ሁለተኛዋን ስንኝ ስንት ጊዜ እንዳማጣት የሚያውቁት እሱና ትራሱ ናቸው። ትንፋሽ ሊወስድ ሲል ግን ልብስ ሰፊው ከአፉ ነጠቀው፦

"ያንተ ካውያ አይግልም፣ ከሰል የለውምና!"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ሻይ ሻጯም ሳቀች። ተኳሹ በማግስቱ ሱቁን ለሁለት የሚከፍል መጋረጃ ሰቀለ፤ ከዚያ ወዲያ ልብስ በመንጠቆ እየተንጠለጠለ ያልፋል እንጂ ቃል የሚባል አላለፈም።

ዝምታው ልብስ ሰፊውን በቁሙ ገደለው። የማታ የእንግሊዝኛ ትምህርት ሲመዘገብ ለሚስቱ "እውቀት ዕድሜ አይመርጥም" ቢላትም፣ እውነቱ ወሬ ናፍቆት ነው። አንድ ምሽት መምህርቷ፣ ልጁን የምታክል ቀጭን ወጣት፣ የተጻፈበትን ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር ጠረገችና፣

"ስታርት ኦቨር!" አለች። "የተበላሸውን ትቶ ከመጀመሪያው እንደገና መጀመር። በዚህ ሳምንት ሁላችሁም ለአንድ ሰው ትሉትና መጥታችሁ ትነግሩኛላችሁ።"

ልብስ ሰፊው እጁን አወጣ። "መምህርት፣ ይሄን ያለ ሰው ይቅርታ ጠየቀ ይባላል?"

"አይ ጋሼ። እንጀምር ብቻ ነው ያለው።"

"ተባረኪ የኔ ልጅ!"

ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን ልቡ እንደዚያ ሰሌዳ ነጻ። በሰው አገር ቋንቋ የተባለ ነገር ግማሽ ኃፍረቱ እዚያው በሰው አገር ይቀራል ብሎ አሰበ።

ጊዜው ግን አልጠበቀውም። ሻይ ሻጯ ብርጭቆ ስታስቀምጥለት፣ "ስማኝማ፣" አለችው ቀስ ብላ፣ "ጓደኛህ ቀለም መሸጫው አጠገብ የሥራ ክፍል አግኝቷል። ቅዳሜ ካውያውን ይዞ ሊወጣ ነው።"

"መንገዱን ጨርቅ ያርግለት!" አለ ልብስ ሰፊው። መርፌውን ግን አውራ ጣቱ ላይ ሰካው።

በእጁ የያዘው ሥራ የሰፈሩ ፖስታ አዳይ ኮት ነበር። ፖስታ አዳዩ ጡረታ ወጥቶ ቅዳሜ ከሰዓት መሥሪያ ቤቱ ሊሸኘው ነው። ልብስ ሰፊው በመኪናው ምት፣ "ስታርት ኦቨር፣ ስታርት ኦቨር" እያለ ይለማመዳል። አንዴ ደፍሮ መጋረጃውን፣ "ስታርት ኦቨር!" አለው። ከማዶ ካውያው ጠረጴዛው ላይ ዷ! አለ። "ጠመኔ ጠፍቶብኝ ነው" ብሎ አፈገፈገ። እንዲህ ሐሳቡ ሲዋልል ሁለቱንም እጅጌ ግራ አድርጎ ቆረጠ፤ ሰፋ፤ በመንጠቆው አሳለፈ።

ተኳሹ አይቷል። እጅጌን በጨለማ ዳብሶ የሚለይ ሰው እንዴት አያይ! "እኔ ምን አገባኝ፣ አፍ ያለው እሱ" አለ በሆዱ። ሁለቱን ግራ እጅጌዎች ውኃ እየረጨ ተጠቦ ተኮሳቸው፤ በዕድሜው እንዲያ አሳምሮ ተኩሶ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ፖስታ አዳዩ መጥቶ ኮቱን ለበሰ። ግራ ክንዱ እንደ ወጉ ወደ ፊት ታጠፈ። ቀኙ ግን ወደ ኋላ ዞሮ፣ ከጀርባው ለቆመ ሰው ደብዳቤ የሚያቀብል መሰለ።

"ወዳጆቼ፣" አለ መስታወቱን እያየ፣ "እኔ ደብዳቤ ሳድል የኖርኩት ወደ ፊት እየሄድኩ ነው።"

መጋረጃው ተገለጠ። የተኳሹ ዕቃ በሳጥን ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። ሻይ ሻጯ ብርጭቆዋን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች።

"አይተሃል!" አለ ልብስ ሰፊው።

"አይቻለሁ።"

"አይተህ ተኮስከው?"

"ሰፍተህ ሰጠኸኝ፣ ተኮስኩት።"

"ብትናገር ምን ነበረበት?"

"ምን አፍ አለኝ? ካውያዬ ከሰል የለውማ!"

ልብስ ሰፊው ስፌት መፍቻ ምላጩን አነሣ፤ ድምፁ ከክር ቀጥኖ፣ "ስታርት ኦቨር" አለ።

"ሰሞኑን ሁሉ ይሄን ነው ስትጮህብኝ የከረምከው። ስድብ ነው?"

"እንደገና እንጀምር ማለት ነው።"

"ይሄን ለማለት ነው ተማሪ ቤት የገባኸው?"

"ታዲያ ምን ላድርግ! በኛ ቋንቋ ሲሆን አንቆ ይይዘኛል።"

"የምትለው ኮቱን ነው?"

ልብስ ሰፊው ሳጥኑን አየ። ሻይ ሻጯን አየ። ያቺ የዓሣ አጥንት ጉሮሮውን እየቧጠጠች ወጣች።

"ኮቱንም። ያን ቀን ስንኝህን ከአፍህ ነጥቄሃለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ።"

ተኳሹ ሳጥኑን ከፍቶ ካውያውን አወጣ። "በል ፍታ" አለ በመጨረሻ። "ቀኙን ብቻ! ደግሞ ሁለቱንም ቀኝ እንዳታደርግልኝ።"

"ኧረ እኔን ከሰዓት ነው የሚሸኙኝ!" አለ ፖስታ አዳዩ በሸሚዙ ቆሞ።

ከሰል ተለኮሰ። ከተረፈው ጨርቅ አዲስ ቀኝ እጅጌ ተቆረጠ። መኪናው ምቱን ሲያገኝ፣ ተኳሹ ዓይኑን ካውያው ላይ ተክሎ፣

"ልብ እንደ ልብስ ቢሆን በእሳት የሚቃና፣"

አለ። ልብስ ሰፊውን ምላሱ በላችው፤ ቤት የሚመቱ ቀልዶች እየተገፋፉ ከንፈሩ ላይ ተሰለፉ። የክሩን ጫፍ ነክሶ ስንኙን ለተኳሹ ተወለት።

"ለብሼው በመጣሁ ደጅሽ እንደገና።"

ሻይ ሻጯ አልሳቀችም። ብርጭቆዎቹን አንድ ባንድ ሰበሰበችና ከበሩ ዘወር ብላ፣

"ከሰል ካነሰህ፣" አለች፣ "እኔ ጋ አለ።"