ዳለቻና የአባቴ ሕመም

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ልጆቼ ስልካቸውን ደግነው ይስቃሉ። ድመታችን የኋላ እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ ቂጧን በሴራሚኩ ላይ እየጎተተች ትሄዳለች።

«እማዬ፣ ነይ እይ! መኪና እየነዳች ነው!» አለች ትንሿ።

መሳቅ አቃተኝ።

ያደግሁት ደባርቅ ነው። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ተማሪውም ጎረቤቱም የኔታ ይላቸዋል። ዘጠነኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነበር። ጭጋጉ ከሰሜን ተራሮች ወርዶ ደጁን ሲዘጋው፣ ጭቃውና ብርዱ ሲያስመርረን ምድጃ ዙሪያ እንውላለን። ያኔ ነው ዳለቻ የምንላት ድመታችን እናቴ በእበት በለቀለቀችው ወለል ላይ መጎተት የጀመረችው።

«ቤቴን አረከሰችው!» ትልና እናቴ በመጥረጊያ ታባርራታለች።

«ተያት» ይላሉ አባቴ። «ባያማት እንዲህ አትሆንም።»

ፍልሰታ ገባ። አባቴ ከስተዋል፤ ጾሙ ነው አልን። ማታ ከአሹቁ ጥቂት ዘግነው ሳህኑን ይገፉታል። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲያስተምሩ ተማሪዎቹ ብርታታቸውን ያደንቁ ነበር። ልብሳቸውንም ራሳቸው ወንዝ ወርደው ያጥቡ ጀመር። ይህንንም ትሕትና ነው አልነው።

አንድ ቀን ላማችን ታማ የእንስሳት ሐኪም መጣ። ላሟን አክሞ እጁን ሲታጠብ ዳለቻ ፊቱ ተጎተተች። በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ያዝኩለት። ጭራዋን አንሥቶ ከፊንጢጣዋ ጎን ያበጠውን አሳየን።

«እዚህ ግራና ቀኝ ትንንሽ ከረጢቶች አሏት» አለ። «ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ ይጠራቀማል፤ ሲከርም ይመግላል። የምትጎተተው ያ እንዲቀልላት ነው።»

ጫን ሲያደርገው ጮኸች። መግልና ደም ወጣ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው።

አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «በሰውስ እዚያ ቦታ ሕመም ይመጣል?» አሉ።

«ይመጣል እንጂ፣ የኔታ» አለ ሐኪሙ እየሳቀ። «ሰው ግን አፍ አለው፤ ይናገራል።»

አባቴ አልሳቁም። እናቴ ዞር ብላ ትክ ብላ አየቻቸው። ሐኪሙ እንደ ወጣ በሩን ዘጋች።

«ምን ሆነው ነው? በእመብርሃን፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

አባቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «መቀመጥ ካቃተኝ ከረመ። ደምም አለው። ይህ ለማን ይነገራል?»

በማግስቱ ጎንደር ወረድን። የዳባት መንገድ ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ አውቶቡሱ በየጉድጓዱ ይዘላል። ተሳፋሪው «የኔታ፣ ይቀመጡ» እያለ ይነሣላቸዋል፤ እሳቸው «ይባርካችሁ» እያሉ፣ የወንበሩን መደገፊያ እንደ ጨበጡ፣ ላብ እያጠመቃቸው ቆመው ሄዱ። ሆስፒታል ሐኪሞቹ ዕጢ ነው አሉን። ሥር ሰዷል፤ ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ፣ አሉን።

ዳለቻን በሞቀ የጨው ውኃ ስናጥባት ሰንብተን ዳነች። አባቴ ወርኃ ጽጌ ሳያልቅ ዐረፉ። ለቅሶ ላይ «ምን አመማቸው?» ለሚሏት ሁሉ እናቴ «ሆዳቸውን ነበር» ትል ነበር።

ይህን ለልጆቼ ነገርኳቸው። ድመቷን በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት።

እኔ ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ አንድ አመል አለብኝ። ሽማግሌ ልጠይቅ ሄጄ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ሲሉኝ ተሰናብቼ አልወጣም። ሌላው ሰው እስኪወጣ እጠብቅና፣ ጠጋ ብዬ ደግሜ እጠይቃለሁ።