በሞንትቤሎ ኩሽና የተሰጠ ፍርድ

አባቴ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ወደምኖርበት የውጭ አገር ሰፈር ወደ ሞንትቤሎ የመጡት በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ልጄ ሁለት ወር ሲሞላት ነው። ክርስትና ሳትነሳ እንዲመርቁልኝ ነበር ያስመጣኋቸው። ጡጦ ማጠብና ዳይፐር ማቀበል ላይ ማንም አይቀድማቸውም፤ "አባዬ፣ እስቲ ይመርቋት" ስላቸው ግን ፊታቸውን ያዞራሉ።

"የኔ እጅ አይመርቅም። ደም አለበት።"

ነገሩን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። በወጣትነታቸው ጋራዥ ሲሠሩ ከባልደረባቸው ጋር አንዲትን መፍቻ የኔ ናት የኔ ናት ተባባሉና ገፈተሩት። ሰውየው የልብ በሽተኛ ነበር፤ ወድቆ አልተነሳም። ታስረው ወጡ፣ ሽማግሌዎችም ከሟች ቤተሰብ ጋር አስታረቋቸው። "ቀኑ ደርሶ ነው፣ አንተ ምንም አላደረግህም" አሏቸው። እሳቸው ግን ነፍሰ ገዳይ ነኝ እንዳሉ አረጁ። ግትር ናቸው፤ ግትርነቱን ለኔም አውርሰውኛል።

ስለዚህ ጠበቃ አመጣሁ። ኤርፖርት መንገድ ላይ ባለው ፓርኪንግ አብረውኝ ቲኬት የሚቆርጡ ህንዳዊ ሽማግሌ ናቸው፤ አገራቸው ሳሉ ዕድሜያቸውን በወንጀል ችሎት ነው የፈጁት። አንድ እሑድ ከሰዓት ለልጄ የክር ኮፍያ ይዘው መጡና ኩሽና ተቀመጥን። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

ጠበቃው የአገራቸውን ሕግ አስረዱን። ነፍስ ግድያ አለ፤ ከሱ ዝቅ ያለ፣ ጥፋት ያለበት ግን ነፍስ ግድያ የማይባል አገዳደል አለ፤ ከሁለቱም ውጭ የሆነ ክፉ አጋጣሚም አለ።

"ሬሳው በሦስቱም አንድ ነው" አሉ። "የሚለየው ሰውየው የፈለገውና የሚያውቀው ነው።"

ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

"በእጅዎ ምን ይዘው ነበር?"

"ባዶ እጄን ነበርኩ።"

"ቂም ነበራችሁ?"

"ምሳ አብረን በልተን ነበር።"

"ልቡን እንደሚያመው ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ዳኛውም ሽማግሌዎቹም አልጠየቁኝም። ክኒኑን ሲውጥ ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።"

ወደ ጠበቃው ዞሬ በእንግሊዝኛ "አያውቁም ነበር" አልኩ።

የጠበቃው ፊት በራ። እንግዲያው ነፍስ ግድያ ቀርቶ ዝቅ ያለውም አይደለም፣ መገፍተር ብቻ ነው አሉ። ይህን ደስ እያለኝ ለአባቴ ተረጎምኩላቸው።

አባቴ አርጅተዋል እንጂ አልጃጁም። "እኔ ያን ሁሉ ተናግሬ አንቺ በሁለት ቃል ጨረስሽው። ያልኩትን ንገሪያቸው።"

ለጠበቃው "ሶሪ" ብዬ፣ እያፈርኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ወደ አባቴ ዞረው "እንዲሞት ፈልገው ነበር?" ብለው ጠየቁ።

"ኧረ በፍጹም! ተናድጄ ነው።"

"አስበው ቆይተው ነው ወይስ እዚያው በጠቡ መሃል?"

"እዚያው።"

"ያውቁ ስለነበር ንጹሕ ነዎት ልልዎት አልችልም" አሉ ጠበቃው። "ግን ድንገት የተነሳ ጠብ ነው፤ መሣሪያ የለም፣ ዝግጅት የለም፣ ጭካኔ የለም። ጥፋተኛ ነዎት፤ ነፍሰ ገዳይ ግን አይደሉም።"

በዚህኛው አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ይከፋቸዋል ብዬ ስፈራ አባቴ አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም።

"ሁሉም ምንም አላደረግህም ይለኛል" አሉ። "ምንም ያላደረገ ሰው እንዴት ብሎ ይቅር ይባላል?"

ከዚያ ልጅቷን አምጪልኝ አሉ። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። አፋቸው ምርቃት ስላልለመደ መጀመሪያ "እደጊ፣ እደጊ" ብቻ ነበር የሚሉት። ቀጥለው ግን እኔን እያዩ፣ "ስታጠፊ እውነቱን የሚነግርሽ ሰው አይጥፋብሽ" አሉ።

አሜን አልኩ፤ ግማሹ ለኔ እንደሆነ ገብቶኛል።