የአየር ላይ ኡኡታ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የንፋስ መውጫ ገበያ ሲሞቅ፣ ያ ሰውዬ ይመጣል። የኮምፒውተር ቤቷ ባለቤት ሂባ ገና ከበር ስታየው ቆሽቷ እርር ይላል። ስሙን ተናግሮ አያውቅም። ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያኖርና፣ የሚያየው ሰው ያለ ይመስል፣ የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ከዚያ ማዳመጫውን አጥልቆ፣ የየአገሩ ሰው በኢንተርኔት አውሮፕላን የሚያበርበትን ጨዋታ ይከፍታል። እሱ ግን አያበርም፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ማማ ላይ እንዳለ ተቆጣጣሪ፣ በሬዲዮ በእንግሊዝኛ እየመራ ያሳርፋቸዋል።

ወዲያው ብስጭቱ ይጀምራል። ለአደጋ ጥሪ ብቻ በተተወው የሬዲዮ መስመር አንዱ ተጫዋች እንደ ድመት ይጮኽበታል፤ ሌላው ዘፈን ይለቅበታል። ሰውዬው ጠረጴዛውን በጡጫ ይመታና የሂባን ደንበኞች ጭምር "ዝም በሉ" ይላል።

ዛሬ ትዕግሥቷ አለቀ። "ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ደንበኞቼን አባረሩብኝ።"

"እዚህ ጋይንት ውስጥ በኡኡታ የሚቀልድ ሰው አይተሻል?"

"ኧረ የለም። ሌላ ቀን የምሩን ቢጮህ ማን ይደርስለታል?"

"ይኸም የአየር ላይ ኡኡታ ነው። እኔ ማማ ላይ ሳለሁ የምሩን የጮኸ ነበር።"

ይህን እንዳለ መብራት ጠፋ። ደንበኞቹ እያጉረመረሙ ወጡ፤ እሱ አልተነሳም። ሂባ ልትዘጋ ቁልፏን ይዛ ከኋላው ቆመች። ሰውዬው ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ተጭኖ፣ በጠቆረው ስክሪን ላይ እንዳፈጠጠ፣ ቀስ ብሎ በአማርኛ፣

"አልሰማሁህም፤ እባክህ ድገምልኝ" አለ።